ሩቅ ያለው ማሳ

ይርሳው ወልደ ገብርኤል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን መንገድ በእግሩም በጭነት መኪናም ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት ራሱም አያውቀውም። ሥራው ሰሌዳ መጻፍ ነበር። «ልብስ ስፌት»፣ «ምግብና መኝታ»፣ «ፀጉር ማስተካከያ» እያለ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሲጽፍ ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ እጁም የማይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ሁለቱም ከተሞች ይፈልጉታል። ችግር የሚመጣው ከፊደሉ ጎን ሥዕል ጨምርበት ሲሉት ነው። የቡሬው ባለ ሥጋ ቤት ዘሩ በበሩ ላይ አንድ የደለበ በሬ እንዲሥልለት አዝዞት ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሲያይ በሬው ከታች ጥግ ላይ ቆሞ ሣር ይግጣል፤ የቀረው የበሩ ክፍል ሁሉ ገደል፣ ተራራና ፀሐይ የገባችበት ሰማይ ሆኗል።

«አንተ ሰው፣ በሬ ስጠኝ ብልህ አገር ሰጠኸኝ» አለ ዘሩ።

«በሬው የቆመበት ነው» አለ ይርሳው።

«እኔ የምሸጠው በሬውን ነው። ተራራውን ማን በኪሎ ይገዛኛል?»

እየተሳሳቁ በሬው እንዲተልቅ ተደረገ። ይርሳው እየሳቀ ያተለቀው ይምሰል እንጂ በእያንዳንዱ የበሬው ጎድን አንድ የተራራ ጫፍ ሲሸፈን ብሩሹን ያዘገይ ነበር።

የቋሪት ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የገበዝ ማርያምን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን በሥዕል ያስጌጡ ሰው ናቸው። ቀለም መበጥበጥን፣ ሸራ በግድግዳ ላይ መለጠፍን የተማረው ከእሳቸው ነው። ኋላ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባና ሁለት ዓመት በሥዕል ትምህርት ቤት ቆየ። እዚያ አንድ መምህር አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳዩት። በገጾቹ ላይ የሩቅ አገር ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት የሣሏቸው ገደሎች፣ ማዕበል የመታው ባሕር፣ ከደመና ተሰንጥቆ የሚወርድ ብርሃን ነበሩ። ሰው ካለም ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንሶ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ይርሳው እስከዚያ ቀን ድረስ መሬት ለራሷ ሲባል የምትሣል መሆኗን አያውቅም ነበር። በአባቱ ሥዕል መሬት ማለት ቅዱሱ የቆመባት አንዲት ቡናማ መስመር ናት። መጽሐፉን ዘግቶ ሲወጣ ያደገበት ሸለቆ እንዳለ በዓይኑ መጣበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ልሣል ቢል እጁ እሺ አላለውም።

በሦስተኛው ዓመት ታሞ ትምህርቱን ትቶ ተመለሰ። ፍኖተ ሰላም ላይ ክርና መርፌ ከምትሸጥ ሀብትነሽ ከምትባል ልጅ ጋር ትዳር ያዘ፤ እንጀራውንም ከሰሌዳ አደረገ። አልፎ አልፎ ተራራ የሣለባቸውን ቁራጭ ጣውላዎች ለአባቱ ይወስድላቸዋል። መሪጌታ ወደ ብርሃን ያዞሩና ረጅም ጊዜ ያዩታል።

«ደግ ነው» ይላሉ። «ግን የማን ሥዕል ነው?»

«የማንም አይደለም አባቴ። የአገሩ ነው።»

«ታዲያ ማን ይሳለመዋል?»

ይርሳው ጣውላውን ከግድግዳው ጋር አስደግፎት ይሄዳል።

በ1960 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አልጣሽ የሚባሉ ሴት ቡሬ ላይ አዲስ ሆቴል ከፈቱ። ሰሌዳውን የጻፈው ይርሳው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ምግብ አዳራሹ አስገቡትና ከዳር እስከ ዳር ባዶ የሆነውን ግድግዳ አሳዩት።

«እዚህ ላይ አገሬን ሣልልኝ» አሉት። «እኔም እንዳንተው የቋሪት ነኝ። ከወጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ወጥ ቤቱ ሲያንገበግበኝ ወጥቼ የማየው ነገር ይሁንልኝ።»

«ምን ይጻፍበታል?»

«ምንም። አገር ምን ይጻፍበታል?»

ለገና ሊያደርስላቸው ተስማማ። እቤቱ ሲገባ ሀብትነሽ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ፊደል የለውም?» አለችው።

«የለውም።»

«በሬስ?»

«በሬም የለውም።»

«እንግዲህ በሽታህን የሚገዛ ሰው አገኘህ» አለችና በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ አልለየም። ከዚያ ተነስታ ከሳጥኗ ውስጥ ለልብስ ብላ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ አወጣች። ለግድግዳው እንዲበቃ ሦስት ቦታ ቀጥላ፣ ስፌቱ ወደ ኋላ እንዲተኛ አድርጋ ሰፋችለት።

በጥቅምት መጀመሪያ ጨርቁን ጠቅልሎ በበቅሎ ጫነና ወደ ቋሪት ወጣ። ከገበዝ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በላይ አንድ ሸንተረር አለ። እዚያ ላይ ሲቆሙ ከእግር ሥር ጀምሮ እስከ ወንዙ ማሳ ከማሳ ተያይዞ ይወርዳል። ኑጉ አብቦ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ቀድሞ የተዘራው ገብስ ነጥቷል። ከወንዙ ማዶ ተራራ አለ፤ ከዚያ ማዶ ደግሞ ሰማይ ይሁን መሬት የማይለይ ሌላ ሰማያዊ ተራራ። ይርሳው ባለ ሦስት እግር የእንጨት ማቆሚያውን ተከለ፤ ጨርቁን ወጠረ፤ ሥራውን ጀመረ።

ተራራውንና ሰማዩን በአራት ቀን ጨረሰ። ማሳዎቹ ግን ዘጠኝ ቀን ወሰዱበት። እያንዳንዱን ባለቤቱን እያሰበ ነው የሣለው። አረም ያልታረመለት ጤፍ ከታረመው ይልቅ ይጠቁራል፤ ኑጉን ዘግይቶ የዘራው ሰው ቢጫው ገና ፈዛዛ ነው። ይህን ሁሉ እንዳለ አስቀመጠው። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሥራውን አቁሞ ከሣላቸው ማሳዎች ፊት ቁጭ ይላል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም ነበር፤ ይህንም ያውቃል።

በዚያ ዓመት በጎጃም ገጠር ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወሬ አንድ ነው፤ መሬት በቀላድ ገመድ ሊለካ ነው፣ ግብርም ሊጨመር ነው የሚል። ለኪዎቹ ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተክለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ ሲባል ሁሉም ሰምቷል። እነሆ ደግሞ በሸንተረሩ ላይ አንድ ሰው ሦስት እግር ያለው እንጨት ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀጭን በትር በክንዱ ልክ ዘርግቶ ወደ ማሳቸው ይመለከታል። የተራራን ቁመት ከዛፍ ቁመት ለማነጻጸር ብሩሹን መዘርጋት በትምህርት ቤት የለመደው ነበር፤ ከታች ለሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ይሄይስ የሚባል ገበሬ ዱላውን ይዞ ወጣ። ማሳው ከወንዙ ዳር ነው። ከበላዩ ከሚያርሰው ከዳኘው ጋር በድንበር ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ይሟገታል፤ ሁለቱን ማሳ የምትለየው አንዲት ወይራ ናት፤ ሙግቱም የወይራዋ ዙሪያ የማን ነው የሚል ነው።

«እንዴት ዋልህ ይርሳው» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋሉ አያ ይሄይስ?»

«ደህና። ስንት ሆነ?»

«ምኑ?»

«የለካኸው ነዋ።»

«አልለካሁም። ሥዕል ነው የምሥል።»

«አባትህ ሲሥሉ አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አላየንም» አለና ወደ ጨርቁ ቀረበ። ለረጅም ጊዜ አየው። ቀስ እያለ ሁሉንም አገኘው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደን፣ የዳኘውን ጎጆ፣ ወይራዋን።

«ይቺ ወይራዋ ናት።»

«አዎ።»

«ከሷ ወዲህ የዳኘው ማሳ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይኸ ከሷ ወዲያ ያለው፣ ከጣቴ የማይሰፋው፣ የኔ ነው?»

«ሩቅ ስለ ሆነ ነው አያ ይሄይስ። የራቀ ነገር አንሶ ይታያል።»

«ከማን ነው የሚርቀው? እኔ እዚያው ነው የምኖር» አለ ይሄይስ። ሌላ ነገር ሳይናገር ዱላውን አንስቶ ወረደ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ጭቃ ሹም ተስፋው ሰዉን በደጀ ሰላሙ ሰበሰቡት። ሥዕሉ ተወስዶ በአጥሩ ላይ ተሰቀለ። ይርሳው የአባቱ ጋቢ ጫፍ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተነሳው ነገር የቀላዱ ነበር። ጭቃ ሹም ተስፋው አስማሉት፤ ለመንግሥት የለካው፣ ለማንም የጻፈው ነገር እንደሌለ በማርያም ስም ማለ። ሰዉ አመነው። ከዚያ ይሄይስ ተነስቶ ነጠላውን አደገደገ።

«ልጁ አይዋሽም እንበል» አለ። «ግን መሪጌታን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሥዕሉን ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ትልቅ ሆኖ የተሣለው የከበረው ነው፣ አንሶ የተሣለው ተራው ነው ብለውናል። እኔ ምን ባጠፋ ነው ማሳዬ ከዳኘው ማሳ ያነሰው?»

ዳኘው ከተቀመጠበት «ሥዕሉም እውነቱን አወቀዋ» አለ። ሰው ሳቀ። ይሄይስ አልሳቀም።

«ይስቃል! ነገ ይቺን ጨርቅ ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብስ? የመሪጌታ ልጅ የሣለው፣ በደጀ ሰላም የታየ ቢልስ?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ይርሳው ቀና ብሎ ሊያያቸው አፈረ። አርባ ዓመት ያስተማሩትን ነገር በልጃቸው ምክንያት ሊያፈርሱ ነው ወይም በልጃቸው ላይ ሊያስፈርዱ ነው።

«እኔ ያልሁት ስለ ቅዱሳን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የምሥለው በልብ የሚታየውን ነው። እሱ የያዘው በዓይን የሚታየውን ነው። እንዲህ ተቀምጠን አንጨርሰውም። ኑ ሸንተረሩ ላይ እንውጣ።»

ሽማግሌው በዱላቸው፣ ሌላውም ተከትሏቸው ወጡ። መሪጌታ ይርሳው ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ይሄይስን አቆሙት።

«አውራ ጣትህን ዘርጋ። አንድ ዓይንህን ጨፍን። የዳኘውን ማሳ በጣትህ ሸፍነው።»

«አይሸፈንም።»

«የራስህንስ?»

ይሄይስ ጣቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆመ፤ አንድ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ክንዱ ተዘርግቶ።

«አሁንስ አንተው ለኪ ሆንህ» አለው ዳኘው ከኋላ።

«ዝም በል እስቲ» አለ ይሄይስ፤ ድምፁ ግን ለሙግት የሚያወጣው ድምፅ አልነበረም። «ገባ። ሙሉ በሙሉ ገባ። የአባቴ ርስት በጣቴ ሥር ገባ።» ጣቱን አነሳው፤ መልሶ ዘረጋው። ልጅ ሳለ ከብት ያጠጣበት፣ ሚስቱን ያመጣበት፣ ዘጠኝ ዓመት የተሟገተለት መሬት በአንድ ጣት ይሸፈናል።

ሰዎቹ ተራ በተራ ጣታቸውን እየዘረጉ ሞከሩት። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ጭቃ ሹም ተስፋው ግን ነገር የሚያርፍበትን ቦታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«እኛ አየነው፣ አመንን» አሉ። «የፍርድ ቤቱ ዳኛ ግን እዚህ ሸንተረር ላይ አልቆመም። እሱ የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይንን የሚያስት ነገር ከነማሳችን፣ ከነድንበራችን ወደ ከተማ አይወርድም።» ወደ ይርሳው ዞሩ። «ልጄ፣ አላጠፋህም። ግን ወይ ሥዕሉ በአባትህ ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥ፤ ወይ ማሳው የማይታይበት አድርገህ ውሰደው። እንዳለ ይዘኸው ከወረድህ በዚህ ቀዬ እሳት የሚሰጥህ፣ ቡና ጠጣ የሚልህ፣ ለቅሶህ የሚደርስ የለም። ላንተም፣ ለመሪጌታም።»

ይርሳው እጅ ነሥቶ ሥዕሉን ጠቀለለ።

ወይዘሮ አልጣሽ ግድግዳቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደማያዘው ያውቃል። ሥዕሉን በስውር ይዞ መውረድ ይችል ነበር፤ በቅሎዋም መንገዱን ታውቀዋለች። ግን አባቱ ገበዝ ማርያም ደጅ ላይ ብቻቸውን ሲቆሙ፣ ሰው ሁሉ በሌላ በኩል ሲያልፍ ታየው። ይህን ካሰበ በኋላ በስውር ስለ መውረድ አላሰበም። የቀረው ጥያቄ ማሳውን በምን ይሸፍነው የሚለው ነበር። ዛፍ ቢሥልበት ውሸት ነው። ቢቆርጠው ሸንተረሩና ተራራው በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ።

ጠዋት ወደ ሸንተረሩ ወጣ። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ከወንዙ የተነሳ ጉም ሸለቆውን ሞልቶታል። ማሳ የለም፤ ጎጆ የለም፤ ድንበር የለም። ከማዶ ተራራው ብቻ ቆሟል፤ ከጉሙ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ በሬ ይጠራል። ይህ ይርሳው ልጅ ሆኖ ሺህ ጊዜ ያየው ነገር ነው። ወደ ጭቃ ሹም ቤት ወረደና ጠየቃቸው።

«ጉም ቢሆንስ?»

ጭቃ ሹም ተስፋው ትንሽ አሰቡ። «ጉም የማንም ርስት አይደለም» አሉ። «ይሁን። ግን ሁለቱ ባለጉዳዮች ቆመው ይዩ።»

በማግስቱ ሸፈነው። ዳኘውና ይሄይስ ከኋላው በአንድ ድንጋይ ላይ፣ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ። መሪጌታም ሳይጠሩ መጡ። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነጩን ቀለም ከግራጫው ጋር ይበጠብጡለት ጀመር፤ ሲቀጥን ያወፍሩታል፣ ሲወፍር ያቀጥኑታል፤ ምን እንደሚፈልግ ሳይነግራቸው ያቀርቡለታል።

ከወንዙ ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው የይሄይስ ጤፍ ነው።

«ቀስ በል» አለ ይሄይስ።

ይርሳው ቀስ አለ። ጉሙ ወደ ላይ እየወጣ ወይራዋ ጋ ደረሰ።

«እሷን ተዋት» አለ ይሄይስ። «ጫፏ ብቻ ብቅ ብትል ምናለ። አያቴ የተቀበረ ዕለት ለቀስተኛው ያረፈው ከሥሯ ነው።»

«ጫፏ ከታየ ሥሯ የት እንዳለ ይታወቃል» አለ ዳኘው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «የኔም አባት ከሥሯ ያርፉ ነበር» አለ።

ይርሳው ብሩሹን አንስቶ ጠበቃቸው።

«በል ሸፍናት» አለ ይሄይስ።

ሸፈናት። የዳኘው ኑግ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ቢጫው ጠንካራ ስለ ነበር ከነጩ ሥር እየመጣ አስቸገረ፤ ሦስት ጊዜ ተደረበበት። መጨረሻም ላይ አንድ ቦታ ጉሙ ትንሽ ሞቅ ያለ መልክ እንደያዘ ቀረ፤ ፀሐይ ልታየው የተቃረበች ይመስላል። ዳኘው አየውና ተወው። ይርሳው ለዘጠኙ ቀን ሥራው ያለቀሰ እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ፊቱ ወደ ጨርቁ ነበር። አባቱ ብቻ የቀለሙን ሳሕን ወደ እጁ አስጠጉለት።

ቀለሙ ደርቆ፣ ለገና ሳምንት ሲቀረው ሥዕሉ ቡሬ ደረሰ። ወይዘሮ አልጣሽ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከወጥ ቤት ወጡና ቆመው አዩት።

«ማሳውስ?» አሉ።

«ከሥር ነው።»

«የጠዋት ነው?»

«የጠዋት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲህ ጉሙ እስኪነሳ እጠብቃለሁ» አሉ፤ ከወጥ ቤት ሁለት ጊዜ ቢጠሯቸውም አልተነሱም።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጣ። በነቀምት መንገድ የሚያልፉ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ምግብ እየበሉ ሥዕሉን ያያሉ፤ ማን ሣለው ይላሉ። አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለቢሮው አዘዘ። ይርሳው ሰሌዳ መጻፉን ባይተውም ሸንተረሩ ላይ የሚቆምበት ቀን እየበዛ ሄደ። ቋሪት ሲወጣ ገበሬዎቹ ከማሳቸው ቀና ብለው ሰላም ይሉታል፤ የይሄይስ ሚስት ጠላ ትልክለታለች። ሁልጊዜ ሸለቆውን በጉም ይሸፍነዋል፤ ከቀዬው ሰው ጋር የተስማማው እንዲህ ነውና። ከተማ ያሉት ግን ይህን አያውቁም፤ ጉም ወዳዱ ሠዓሊ ይሉታል። አላረማቸውም።

ሀብትነሽ ብቻ አንድ ነገር ይገርማት ነበር። ከሸንተረሩ ይዞት የሚመጣውን ሥዕል እቤት ሆኖ ሲጨርሰው ታየዋለች። መጀመሪያ ማሳዎቹን እያስታወሰ አንድ በአንድ ይሥላል፤ የዚያን ዓመት ኑግ፣ የዚያን ዓመት ጤፍ፣ ማን እንዳረመ፣ ማን እንደዘገየ። ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ ሁሉንም ይሸፍነዋል። አንድ ቀን መታገሥ አልቻለችም።

«አንተ ሰው፣ መሸፈንህ ካልቀረ ገና ከመጀመሪያው ጉሙን አትሥልም? ቀለሙስ አያሳዝንህም?»

ይርሳው ብሩሹን እያጠበ ነበር።

«ካልሣልሁትማ ምኑን ልሸፍነው ሀብቴ?» አላት፤ ብሩሹን አራግፎም ለነጩ ቀለም ሳሕን ፈለገ።